«ሳምባው ተበላሸ» ከማለታችሁ በፊት፦ በሊኑክስ ሰርቨርና በዊንዶውስ ኮምፒውተሮች መካከል ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ጅማ ላይ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ቢሮ ውስጥ ቀድሞ የሚነሳው ስዊቹ ነው፤ ዴስክቶፖቹ ይከተላሉ፤ ሰርቨሩ መጨረሻ ይደርሳል። ሠራተኛው ፓስወርዱን አስገብቶ ገብቷል፤ የጋራው ፎልደር ግን ቀይ ኤክስ ተለጥፎበታል። ከዚያ ስልክ ይደወላል፤ «ሳምባው ተበላሽቷል»። ሳምባ የሊኑክስ ሰርቨር ፎልደሮቹን ለዊንዶውስ ኮምፒውተሮች የሚያጋራበት ፕሮግራም ነው፤ እንዲህ በቀላሉ አይበላሽም። የሚበላሸው ዙሪያው ነው፤ ከዙሪያውም ሁሉ ሰዓቱ።

ሰዓቱን ግድግዳ አይቶ መሙላት

ይህን ስህተት ያልሠራ ጀማሪ የለም፤ ነባሮቹንም አይምርም። ዶሜን ማለት አካውንቶችና ኮምፒውተሮች ከአንድ ማእከላዊ ሰርቨር የሚመሩበት ኔትወርክ ነው፤ በውስጡ የሰውን ማንነት የሚያረጋግጠው ከርበሮስ የሚባለው ሥርዓት ነው። ከርበሮስ ጊዜ የተጻፈበት ትኬት ይሰጣል፤ ትኬቱን የሚቀበለው ሰርቨር ደግሞ በራሱ ሰዓት ይመዝነዋል። ልዩነቱ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ትኬቱን ይጥለዋል። «ታዲያ 5 ደቂቃውን አንድ ሰዓት እናድርገው» የሚል አይጠፋም። ገደቡ የተቀመጠው የተሰረቀ ትኬት ቆይቶ እንዳያገለግል ነው፤ አትንኩት፣ ሰዓቱን አስተካክሉ።

እኛ አገር ሰዓት የሚሳሳትባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው። አንደኛው ግልጽ ነው፦ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው ብሎ ሰርቨሩ ላይ 03:00 መጻፍ። የ6 ሰዓት ልዩነት። ሁለተኛው ዓመተ ምሕረቱን በእኛ አቆጣጠር መሙላት ነው፤ ሰርቨሩ 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ሰርተፊኬት ሁሉ «ገና አልጸደቀም» ይላል። እነዚህ ሁለቱ ስክሪኑን ባየ ሰው ቶሎ ይያዛሉ።

ሰው የሚያንከራትተው ሦስተኛው ነው። ሊኑክሱ ሲጫን የሰዓት ቀጠናው ዩቲሲ (የዓለም መነሻ ሰዓት፣ ከእኛ በ3 ሰዓት የሚያንሰው) እንደሆነ ይቀራል፤ አንዱ ይመጣና ሰዓቱ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል ብሎ በእጁ 09:12 ያደርገዋል። አሁን ሰርቨሩም 09:12፣ ዊንዶውሱም 09:12 ያሳያል። ሁለቱን ጎን ለጎን አይቶ «ሰዓቱ ልክ ነው» የማይል ማን አለ? ከርበሮስ ግን የሚያነጻጽረው ዩቲሲውን ነው። የዊንዶውሱ 09:12 በዩቲሲ 06:12 ነው፤ የሰርቨሩ 09:12 እዚያው 09:12። ሦስት ሰዓት ሙሉ።

ስለዚህ የሚታየውን ሰዓት ሳይሆን ዩቲሲውን አነጻጽሩ። ሊኑክሱ ላይ «ዴት -ዩ» በሉ፤ ዊንዶውሱ ላይ «ደብሊው32ቲኤም /ስትሪፕቻርት»ን በዶሜን ኮንትሮለሩ (ዶሜኑን በሚመራው ሰርቨር) ስም አስኪዱት፤ ልዩነቱን በሰከንድ ይነግራችኋል። ቀጠናውን በ«ታይምዴትሲቲኤል» አፍሪካ/አዲስ_አበባ አድርጉት። ዊንዶውስ ዝርዝር ውስጥ አዲስ አበባን ብትፈልጉ አታገኙትም፤ የእኛ ቀጠና «ናይሮቢ» በሚለው ስር ያለው ዩቲሲ+3 ነው።

ከመብራት መጥፋት በኋላ ሰዓቱ በየጊዜው የሚጠፋ ከሆነ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር2032 ባትሪ አልቃለች። ለእሷ ተብሎ ዶሜን እንደገና የተገነባበት ቢሮ አለ። ባትሪውን ቀይሩ፤ ቀጥሎ የሊኑክሱን ሰዓት በኔትወርክ የሚያርመውን ክሮኒን አስተካክሉ። «ሜክስቴፕ 1 3» የሚለው መስመር ካለ ክሮኒ ትልቅ ልዩነትን በአንድ ጊዜ ዘልሎ የሚያርመው ሥራ ሲጀምር በሚመጡት 3 ንባቦች ላይ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ በዝግታ ነው የሚጎትተው፤ የሰዓታት ስህተት በዝግታ አይደረስበትም። ያኔ «ክሮኒሲ ሜክስቴፕ» ብላችሁ አዝልሉት። ኢንተርኔት ሲቋረጥም ክሮኒ ለኮምፒውተሮቹ ሰዓት ማደሉን እንዳያቆም «ሎካል ስትራተም 10» የሚል መስመር ጨምሩ።

አንድ ምልክት ያዙ፦ ፎልደሩ በአይፒ ሲጠሩት ተከፍቶ በስም ሲጠሩት እምቢ ካለ፣ ሼሩ (የተጋራው ፎልደር) ጤነኛ ነው። በአይፒ ሲጠራ ዊንዶውስ አብዛኛውን ጊዜ ከርበሮስን ትቶ በኤንቲኤልኤም፣ በቆየው የማንነት ማረጋገጫ፣ ይገባል። ጥርጣሬው ሰዓት ላይ ወይም ዲኤንኤስ (ስምን ወደ አይፒ የሚተረጉመው አገልግሎት) ላይ ነው። በአይፒ ስለሠራ ብቻ ሾርትከቱን በአይፒ አድርጎ መሄድ ሕመሙን ደብቆ መሄድ ነው።

ሁለተኛ ዲኤንኤስ ብሎ 8.8.8.8 መስጠት

«አንዱ ቢወድቅ ሌላው ይሠራል» ተብሎ ነው የሚደረገው። የዶሜናችሁን ስም ግን የጎግል የሕዝብ ዲኤንኤስ የሆነው 8.8.8.8 አያውቀውም። ኮንትሮለሩ ትንሽ ሲዘገይ ዊንዶውስ ሁለተኛውን ይጠይቃል፤ ሁለተኛው «እንዲህ ያለ ስም የለም» ይላል፤ ዊንዶውስም አምኖ ይቀመጣል። ለዚህ ነው ጠዋት የሠራው ከሰዓት የሚጠፋው። በዶሜን ውስጥ ያለ ኮምፒውተር ዲኤንኤሱ ኮንትሮለሩ ብቻ ይሁን። የኢንተርኔት ስሞችን ኮንትሮለሩ ራሱ ወደ ውጭ ይጠይቅላቸው፤ የሳምባ ማዋቀሪያ ፋይል በሆነው «ኤስኤምቢ.ኮንፍ» ውስጥ «ዲኤንኤስ ፎርዋርደር = 8.8.8.8» የምትጻፈው እዚያ ነው። ራውተሩ ለኮምፒውተሮቹ አይፒ በራሱ የሚያድል (ዲኤችሲፒ) ከሆነም የሚያድለውን ዲኤንኤስ ቀይሩ፤ አለዚያ በእጅ ያስተካከላችሁት ሁሉ በአዲስ ላፕቶፕ ይፈርሳል።

ማረጋገጫው ከሊኑክሱ «ሆስት -ቲ ኤስአርቪ _ኤልዳፕ._ቲሲፒ.» ብሎ የዶሜኑን ስም ማስከተል ነው። የኮንትሮለሩ ስምና 389 የሚለው የፖርት ቁጥር ካልመጣ ሌላ ነገር አትነካኩ።

ዶሜኑን ስትሰይሙ መጨረሻው «.ሎካል» አይሁን፤ ሊኑክሱ ላይ ያለው፣ በ«.ሎካል» የሚያልቁ ስሞችን የሚፈልገው አቫሂ ይሻማችኋል።

ቻሞድ 777

ይኸኛውም ትዕግሥት ያስጨርሳል። ፋይል አልጻፍ ሲል ወዲያው «ቻሞድ 777»፣ ማለትም ለሁሉም ሰው ሙሉ ፈቃድ፤ አሁንም እምቢ፤ ከዚያ እስከ ሥሩ ድረስ 777። ፎልደሩ ሁለት በር አለው። አንዱ የሳምባው ነው፣ ሌላው የፋይል ሲስተሙ። ሳምባ ምንም ካልተነገረው ሼሩን «ለማንበብ ብቻ» ነው የሚያደርገው። «ሪድ ኦንሊ = ኖ» ሳትጽፉ 777 ማድረግ የቤቱን ክፍሎች ሁሉ ከፍቶ የግቢውን በር መቆለፍ ነው።

በሁለተኛው በር በኩል ደግሞ ሰው የሚረሳው ወላጅ ፎልደሮቹን ነው። የቡና ግዥ ፋይሎች ያሉበት ፎልደር ራሱ ቢከፈት፣ በላዩ ካሉት አንዱ ማለፊያ ፈቃድ ከሌለው አይደረስበትም፤ በተለይ ሼሩ የአንድ ሰው የግል ፎልደር (ሆም) ውስጥ ሲሆን። «ኔምአይ -ኤል» ብላችሁ ሙሉውን መንገድ ስጡት፤ የእያንዳንዱን ደረጃ ባለቤትና ፈቃድ በየመስመሩ ይዘረዝራል፤ የተዘጋው በዓይን ይታያል።

ትክክለኛው አሠራር ይኸው፦ ግሩፕ ፍጠሩ፤ ፎልደሩን ለግሩፑ ስጡ፤ 2770 አድርጉት። ፊት ያለችው 2 አዲስ የሚፈጠር ፋይል ሁሉ የግሩፑ ሆኖ እንዲቀር ታደርጋለች። ሳምባው ላይ «ክሪኤት ማስክ = 0660»፣ «ዳይረክተሪ ማስክ = 2770» ጨምሩ። ሰው ግሩፑ ውስጥ ካስገባችሁት በኋላ ከዊንዶውሱ ሎግአውት ብሎ ይመለስ፤ የግሩፕ ዝርዝሩ የሚወሰደው ሲገባ ነው። ሊኑክሱ ሬድሃት ወይም ከዘመዶቹ አንዱ ከሆነ ደግሞ ኤስኢሊኑክስ የሚባለው ተጨማሪ የደህንነት ጠባቂ ሦስተኛ በር ነው፤ ፎልደሩ «ሳምባ_ሼር_ቲ» የሚል መለያ ይፈልጋል። ኤስኢሊኑክስን አጥፍቶ መገላገል 777ን በሌላ ስም መጥራት ነው።

አጫጭሮቹ

«ሎግኢን አድርጓልና ዶሜኑ ይሠራል» ማለት። ዊንዶውስ የመጨረሻ 10 ሰዎችን መግቢያ ያስታውሳል፤ ኬብሉን ብትነቅሉትም ያስገባቸዋል። «ኤንኤልቴስት /ኤስሲ_ኩዌሪ» ብላችሁ ከዶሜኑ ጋር ያለውን ግንኙነት ጠይቁት።

ስህተት 1219። አንድ ዊንዶውስ ወደ አንድ ሰርቨር በሁለት ስም አይገባም። «ኔት ዩዝ * /ዲሊት»፤ ክሬደንሻል ማኔጀር ውስጥ የተቀመጠውንም አሮጌ ፓስወርድ አጥፉ።

አሮጌ ስካነር ፎልደር አላገኘም ተብሎ ኤስኤምቢ1ን፣ አሮጌውን የፋይል ማጋሪያ ፕሮቶኮል፣ መልሶ መክፈት። በ2017 (እ.ኤ.አ.) ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ዋናክራይ የተሰራጨው በእሱ ቀዳዳ ነው። ስካነሩ በኤፍቲፒ ወይም በኢሜይል ይላክ።

ያለ ፓስወርድ የሚከፈት ሼር ይዞ ዊንዶውስ 11 መግዛት። ከ24ኤች2 እትም ጀምሮ ፕሮ የሚለው ዊንዶውስም ቢሆን ያለ ፓስወርድ እንደ እንግዳ ወደ ሼር አይገባም፤ ለእያንዳንዱ ሰው አካውንት ፍጠሩ። ሆም የሚለው ዊንዶውስ ደግሞ ዶሜን ውስጥ ጭራሽ አይገባም፤ ከመግዛታችሁ በፊት እዩ።

የሊኑክሱን ፓስወርድ ቀይሮ ሳምባው አብሮ ይቀየራል ብሎ መጠበቅ። ዶሜን ከሌለ የሳምባ ፓስወርድ የራሱ ነው፤ «ኤስኤምቢፓስደብሊውዲ -ኤ» ይፈልጋል።

ኮምፒውተር ላብን በዲፕ ፍሪዝ፣ ሪስታርት በተደረገ ቁጥር ኮምፒውተሩን ወደ ድሮው በሚመልሰው ፕሮግራም፣ ማቀዝቀዝ። ዊንዶውስ ከዶሜኑ ጋር የሚጠቀምበትን የራሱን ፓስወርድ በየ30 ቀኑ ይቀይራል፤ ሪስታርት ሲደረግ ቅዝቃዜው የድሮውን ይመልሰዋል፤ «የእምነት ግንኙነቱ ተቋርጧል» የሚለው መልእክት ላቡን ሁሉ ይሞላዋል። የፓስወርድ ቅያሪውን በፖሊሲ አጥፉና አቀዝቅዙ። ለተቋረጠው ፓወርሼል ላይ «ቴስት-ኮምፒውተርሴኩርቻነል -ሪፔር» ይበቃል፤ ከዶሜን ማውጣትና መመለስ አያስፈልግም።

ለዶሜን ሰዎች የሊኑክስ ቁጥር (አይዲ) የሚሰጠው ዊንባይንድ ሥራ ከጀመረ በኋላ የአይዲ ክልሉን መቀየር። 10000 ላይ የጀመረውን ወደ 20000 ብትወስዱት የሁሉም ፋይል ባለቤት ሌላ ሰው ይሆናል፤ ወይም ማንም። ክልሎቹ እንዳይደራረቡ ገና ስትጀምሩ ወስኑ።

ኤክሴል «ፋይሉ በሌላ ሰው ተይዟል» ሲል፣ ያ ሰው ግን ቤቱ ከገባ ሲቆይ፣ ሰርቨሩን ሪስታርት ማድረግ። «ኤስኤምቢስታተስ» የትኛው ፋይል በየትኛው ሂደት እንደተያዘ ከነቁጥሩ ያሳያል፤ ያንን አንዱን ብቻ ግደሉ። የቀሩት ሰዎች ያልተቀመጠ ሥራ እጃቸው ላይ ነው።