ከ«ገባችሁ?» ይልቅ ሩብ ወረቀት

«ገባችሁ?» ብሎ የጠየቀ መምህር የሚያገኘው «አዎ!» የሚል የጅምላ ጩኸት ነው። ያልገባውም አብሮ ይጮኻል፤ ዝም ካለ እሱ ብቻ ይታያላ። የገባውን ካልገባው የሚለየው እያንዳንዱ ተማሪ ለብቻው በጽሑፍ የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ነው።

5ኛ ክፍል ሒሳብ ላይ፣ ታህታቸው የተለያየ ክፍልፋዮችን መደመር አስተምረዋል እንበል። ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ የመጨረሻውን 5 ደቂቃ ይተዉ። አንዱን ሉክ ለአራት ይቅደዱ፤ ለ60 ተማሪ 15 ሉክ ይበቃል። ጎን ለጎን የተቀመጡ እንዳይኮራረጁ ለአንዱ 1/2 + 1/3፣ ለሌላው 1/4 + 1/3 ይስጡ። 1/2 + 1/4 ግን አይጠይቁ፤ ግማሽና ሩብ ሦስት ሩብ መሆኑን ልጆች ከሰዓትና ከገበያ ስለሚያውቁት ሳያሰሉ ትክክል ይሆናሉ። ተማሪዎቹ አሠራሩንም እንዲጽፉ ያድርጉ፤ መልስ ብቻ ያለው ወረቀት ብዙም አይነግርዎትም።

ወረቀቱን ሰብስበው አያርሙት፤ በመልሱ ዓይነት በሦስት ክምር ይደርድሩት። በመጀመሪያው ጥያቄ 5/6 ያለው ገብቶታል። 2/5 ያለው ላዕልን ከላዕል፣ ታህትን ከታህት ደምሯል፤ ክፍልፋይን እንደ አንድ ቁጥር ገና አላየውም። 2/6 ያለው ግን ተቃርቧል፤ የጋራ ታህቱን አግኝቶ ላዕሎቹን ሳያስተካክል ቀርቷል። ሁለቱም ላይ ኤክስ ቢያደርጉ ይህ ልዩነት ይጠፋል። በሁለተኛው ጥያቄ የሦስቱ ክምሮች መልስ 7/12፣ 2/7 እና 2/12 ነው።

የ2/5 ክምር ከክፍሉ ሲሶ ያህል ከሆነ በማግስቱ የመጀመሪያውን 10 ደቂቃ ለሁሉም ይስጡ። ያንኑ ምሳሌ ድምፅ ከፍ አድርጎ መድገም ግን አይጠቅምም። ሰሌዳው ላይ ዳቦ ይሳሉ፣ ለ5 ይክፈሉት፣ ሁለቱን ያቅልሙ። «ግማሽ ዳቦ ነበረኝ፤ ሲሶ ጨመርኩበት፤ እንዴት ከግማሽ አነሰ?» ብለው ይጠይቁና ለጥያቄው ጊዜ ይስጡት። ከዚያ ያው መጠን ያለው ሌላ ዳቦ ለ6 ይክፈሉ፤ ግማሹ 3 ቁራሽ፣ ሲሶው 2 ቁራሽ መሆኑን ራሳቸው ይቁጠሩት። ለ2/6 ክምር ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ ወረቀቱ ጥግ ላይ «1/2 እና 1/6 እኩል ናቸው?» ብሎ ጽፎ መመለስ ብዙውን ጊዜ ይበቃል።

ማርክ አይያዙበት። ተከታታይ ምዘና በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ውስጥ ቢካተትም፣ በብዙ ክፍሎች መምህራን 5 ከመቶ፣ 10 ከመቶ እየለቀሙ ተከታታይ ፈተና አድርገውታል። ማርክ ሲኖር ልጁ ይኮርጃል፤ የኮረጀው ትክክለኛ መልስ ደግሞ መታየት የነበረበትን ስህተት ይሸፍንብዎታል።

ከሁለት ቀን በኋላ፣ የተሳሳቱትን ብቻ 1/2 + 1/5 ይጠይቋቸው። አሁንም 2/7 የሚል ካለ ወደ ዳቦው ይመለሱ፤ በዚህ ጊዜ ግን ጠመኔውን ለልጁ ይስጡት።