ስምንት ዓመት መደመር ቀን መቀየር አይደለም

ደብረ ብርሃን ውስጥ ቅጽ መሙላት፣ ማመልከቻና ውል መጻፍ እንጀራዬ ነው። ከመንዝም ከመርሐ ቤቴም ፓስፖርት ፈልገው የሚመጡ ወጣቶች ወረቀታቸውን ሲዘረጉልኝ ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ አንድ ስህተት አለ፤ ከእሱ ልጀምር።

የልደት ቀንን ወደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሲቀይሩ ዓመቱ ላይ ስምንት ደምሮ ቀኑንና ወሩን እንዳለ መተው! ጥር 12 ቀን 1990 ዓ.ም. የተወለደች ልጅ 12/5/1998 ተብሎ ተጽፎላት ትመጣለች። ትክክለኛው ጃንዋሪ 20 ቀን 1998 ነው። የተጻፈላትን ደግሞ እንግሊዛዊ ሜይ 12፣ አሜሪካዊ ዲሴምበር 5 ብሎ ያነበዋል። የትምህርት ማስረጃዋ አንዱን፣ ፓስፖርቷ ሌላውን ይዞ ከወጣ በኋላ ሁለቱን ማስታረቅ የድንበር ክርክር ያህል ያደክማል። መስከረም 1 የሚውለው ሴፕቴምበር 11 ላይ ነው፤ ስለዚህ ቀኑም ወሩም መለወጥ አለበት። ወሩንም በቁጥር ሳይሆን በስሙ ጻፉት።

ስምንት የሚደመረውም ሁልጊዜ አይደለም። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ግድም የሚደመረው ሰባት ነው። ጥቅምት 5 ቀን 1985 ዓ.ም. የተወለደ ሰው ልደቱ ኦክቶበር 15 ቀን 1992 ነው፤ 1993 ብለው ሲጽፉለት የዕድሜ ገደብ ባለበት ማስታወቂያ ላይ አንድ ሙሉ ዓመት ያጎድሉበታል። ጳጉሜን ስድስት ቀን በሆነችበት ዓመት ማግስት ደግሞ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል፤ 2016 ዓ.ም. የገባው እንዲያ ነበር። ያቺ የአንድ ቀን ፈረቃ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ትዘልቃለች። በግምት አትሥሩ፤ የዚያኑ ዓመት የቀን መቁጠሪያ ግለጡ።

ጀማሪ ጸሐፊዎች ሆይ፣ እናቶች ልደትን በበዓል ሲነግሯችሁ አታቋርጧቸው። «የጥምቀት ማግስት፣ የጥር ሚካኤል ዕለት» ያሉ እናት ጥር 12ን አስረግጠው ነግረዋችኋል፤ የቀራችሁ ዓመቱን ማጣራት ነው። «ቁጥሩን ይንገሩኝ» እያላችሁ ስታጣድፏቸው ግን ግራ ተጋብተው የመጣላቸውን ይናገራሉ።

ጳጉሜን የተወለደውን ሰው «ቅጹ አሥራ ሦስተኛ ወር የለውም» ብላችሁ ወደ ነሐሴ 30 አትግፉት። ጳጉሜን 3 ቀን 1992 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 8 ቀን 2000 ነው።

የአውሮፕላን ትኬት «ዓርብ 01:30» ካለ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ተኩል ማለት ነው፤ ለዓርብ አጥቢያ። ሐሙስ ማታ አዲስ አበባ መገኘት ያስፈልጋል። አንድ የሰፈሬ ልጅን ቤተሰቡ ዓርብ ማለዳ መርቆ ሸኘው፤ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ሲደርስ አውሮፕላኑ ከሄደ ሰዓታት አልፈው ነበር። ትኬቱ በብድር የተገዛ ነበር፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የመድኃኒትና የፀረ ተባይ ማሸጊያ ላይ የሚታተመው ማብቂያ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። በ2018 ዓ.ም. ላይ ሆኖ «2025» የሚለውን አይቶ «ገና ሰባት ዓመት አለው» ማለት ለጤና አደገኛ ነው። ለአረጋውያን ወላጆቻችሁ ቀይራችሁ ካርቶኑ ላይ ጻፉላቸው።

የመሬት ኪራይ ውል ላይ «ሁለት ጥማድ» ብቻ ብላችሁ አትለፉ። ጥማድ አንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው ነው፤ ዳገቱና አፈሩ ይለውጠዋል። ብዙዎች ሩብ ሄክታር አድርገው ይወስዱታል፤ እንደዚያ ከተስማሙ ሁለቱን ጥማድ 5000 ካሬ ሜትር ብላችሁ ከነአዋሳኞቹ አስፍሩት። እህሉንም ከቁና ይልቅ በኪሎ ጻፉ። ኩንታል 100 ኪሎ ነው፤ 50 ኪሎ የሚይዘው የሲሚንቶ ከረጢት ግማሹ ነው።

ቁመት በጫማና በኢንች ሲጠየቅ 5 ጫማ ከ7 ኢንች 170 ሴንቲ ሜትር ነው፤ 5.7 ጫማ ብላችሁ ከጻፋችሁ ግን ወደ 174 ይጠጋል።