ሞተሪኖው ይዞራል፣ ሞተሩ አይነሳም፦ ቤት ውስጥ በተሠራ መኪና ላይ የኢሲዩ ሽቦ ችግሮች

ኢሲዩ (የሞተሩ ኮምፒውተር) ተቃጥሏል ብሎ ሌላ ከመግዛት በፊት ሽቦውን መለካት ያዋጣል። ልኬቶቹ ለ12 ቮልት ባትሪ ናቸው።

ቁልፉ ኦን ላይ ሲሆን ኢሲዩው ይሠራል፤ ሞተሪኖው ሲዞር ይጠፋል

ለኢሲዩው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) ማዘዣ ሽቦው የተወሰደው ስታርት ሲመታ ከሚቋረጥ መስመር ነው፤ ለምሳሌ ከሬዲዮው። ሌላ ሰው ሞተሪኖውን ሲያዞር በሪሌው 86 እግር (የማዘዣው ሽቦ የሚገባበት) ላይ ይለኩ። ዜሮ ካነበበ፣ ሽቦውን በኦንም በስታርትም ኤሌክትሪክ ወዳለው መስመር ያዛውሩ። ኤሌክትሪክ 86 ላይ ኖሮ ወደ ኢሲዩው በሚወጣው 87 ላይ ከሌለ ፊውዙን፣ ከባትሪ የሚገባበትን 30ንና የ85ን ማሳ (ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለሰውን መስመር) ይፈትሹ።

ሞተሩ ይንገጫገጫል፤ ፋን ወይም መብራት ሲበራ ይብሳል

ችግሩ የኢሲዩው ማሳ ነው። እዚህ ላይ ሽቦ መቀጠሉን የሚነግረው የቴስተር ጢጢታ ያታልላል፤ ሽቦው ተበጥሶ አንዲት ክር ብቻ ብትቀርም ይጮሃል። ጭነት ያሸክሙት፦ የኢሲዩውን ሶኬት ነቅለው በሶኬቱ ፖዘቲቭና ማሳ መካከል ባለ 21 ዋት የፍሬቻ አምፖል ያገናኙ። ደብዘዝ ካለ ሽቦው ደክሟል። (የቴስተሩን ጫፍ ከፊት አይወትፉ፤ እግሩ ይሰፋና አዲስ ችግር ይወልዳል። ከኋላ በቀጭን መርፌ ይግቡ።)

ቀጥሎ ሶኬቱን መልሰው ሞተሩን ያስነሱ፤ መብራትና ፋን ያብሩ። ቴስተሩን ቮልት ላይ አድርገው አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ፣ ሌላውን በኢሲዩው ማሳ ላይ ይያዙ። ከ0.1 ቮልት በላይ ካነበበ መንስኤው ብዙውን ጊዜ በቀለም ላይ የታሰረ ብሎን ነው፤ አዲስ በተቀባ ሻንሲ ላይ የተለመደ ነው። እስከ ብረቱ ፍቀው ያጥብቁ። የኢሲዩውን ማሳ በቀጥታ ከሞተሩ ብሎክ ላይ ይሰሩ። ከብሎኩ ወደ ባትሪ የሚሄደው ወፍራም ኬብልም መኖሩን ይመልከቱ፤ እሱ ከሌለ የሞተሪኖው ከረንት በቀጭኑ የኢሲዩ ማሳ ተመልሶ ያቃጥለዋል።

ብዙ ሴንሰሮች በአንዴ የተሳሳተ ንባብ ይሰጣሉ

ኢሲዩው ለሴንሰሮቹ የሚሰጠው የጋራ 5 ቮልት መስመር ሾርት አድርጓል። ቴስተሩን መስመሩ ላይ ይዘው ሴንሰሮቹን አንድ በአንድ ይንቀሉ፤ 5 ቮልቱ የተመለሰበት ሴንሰር ወይም ሽቦው ነው ጥፋተኛው።

የሞተሩ ዙር ንባብ ይዘላል

የክራንክ ሴንሰሩ (የሞተሩን ዙር የሚያነበው) ሽቦ ከቦቢና (ለካንዴላ ከፍተኛ ቮልት የሚፈጥረው) ሽቦ ጋር ተጠቅልሏል። ይለዩት፤ ሽቦውን የሚሸፍነው የመከላከያ ጥልፍም በኢሲዩው በኩል ብቻ ማሳ ይሁን። ሴንሰሩ ባለሁለት ሽቦ ማግኔታዊ ሆኖ ዙሩ ሲጨምር ታይሚንጉ (ካንዴላው የሚተኩስበት ጊዜ) የሚሸሽ ከሆነ፣ ሁለቱን ሽቦዎች ያቀያይሩ።

ሻንሲው ላይ ብየዳ ካለ አስቀድመው ባትሪውንና የኢሲዩውን ሶኬት ይንቀሉ።