ስለ ፕሮሰሰር ካሽ ብዙዎቻችሁ የምትሳሳቷቸው ነገሮች

ባሕር ዳር ላይ ላፕቶፕ ሊገዛ የወጣ ሰው መጀመሪያ "ራሙ ስንት ነው?" ይላል። ቀጥሎ ጊጋኸርዙን ይጠይቃል። ካሹን፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ ቶሎ ቶሎ የሚፈልገውን ዳታ አጠገቡ የሚያስቀምጥበትን ፈጣን ሚሞሪ፣ የሚጠይቅ ግን እምብዛም ነው፣ አንደኛው ስህተትም ይኸው ነው። ፕሮሰሰሩ የቱንም ያህል ፈጣን ቢሆን፣ ዳታው እስኪደርሰው ቆሞ ይጠብቃል። ከራም ለማምጣት ወደ 100 ናኖሰከንድ ይፈጅበታል። ኤል1 ከሚባለው፣ እዚያው ኮሩ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ስሌቱን የሚሠራው ክፍል) ውስጥ ካለው ትንሽ ካሽ ለማንሳት ግን 1 ናኖሰከንድ አካባቢ ይበቃዋል። ሽንኩርቱ ምድጃው አጠገብ ተከትፎ መቀመጡና ገና ቅዳሜ ገበያ ድረስ ተሂዶ መገዛቱ እኩል ነው? አይደለም። ስለዚህ የፕሮሰሰሩን ሙሉ ሞዴል ያዙና ኤል3 ካሹ (ከኤል1 የሚሰፋው ካሽ) ስንት ሜጋባይት እንደሆነ አምራቹ ድረ ገጽ ላይ እዩ።

ሌላው "ካሹን አጽዱት" የሚባለው ነው። ስልክና ብሮውዘር ላይ የምታጠፉት ካሽ ማከማቻው ላይ የተቀመጠ ፋይል ነው፣ ከዚህኛው ጋር አይገናኝም። የፕሮሰሰሩን ካሽ ሃርድዌሩ ራሱ ይሞላዋል፣ ራሱ ያስለቅቀዋል። ለማስጸዳት ብር አትክፈሉ።

ፖሊ ካምፓስ ኮድ የምትጽፉ ልጆች፣ የእናንተ ትልቁ ስህተት ሎፕ (አንድን ሥራ የሚደጋግመው የኮድ ክፍል) ላይ ነው። ፕሮሰሰሩ ከራም አንድ ቁጥር ነጥሎ አያመጣም፤ አብዛኛው ላፕቶፕ ላይ በአንዴ 64 ባይት ይጭናል፣ ባለ 4 ባይት ቁጥር ከሆነ 16 ቁጥር ማለት ነው። የሲ ቋንቋ ደግሞ አሬይን (የቁጥሮቹን ሰንጠረዥ) ረድፍ በረድፍ አከታትሎ ነው የሚያስቀምጠው (ፎርትራን በአምድ ነው፣ እሱን ለይታችሁ ያዙ)። በረድፍ ስትሄዱ 16ቱም ሥራ ላይ ይውላሉ፣ እንዲያውም ፕሮሰሰሩ አካሄዳችሁን አይቶ ቀጣዩን ቀድሞ ያመጣላችኋል። በአምድ ስትሄዱ ግን አንዱን ነክታችሁ ትዘላላችሁ። 4000 በ4000 በሆነ አሬይ አንድ አምድ ወርዳችሁ እስክትጨርሱ 4000 ቦታ፣ ማለትም 256 ኪሎባይት ያህል ታስጭናላችሁ፤ ኤል1 ብዙ ጊዜ 32 ወይም 48 ኪሎባይት ብቻ ስለሆነ ለቀጣዩ አምድ ተመልሳችሁ ስትመጡ የቀሩት 15 ቁጥሮች ከዚያ ተገፍተው ወጥተዋል። መልሱ ያው ነው፣ ጊዜው ግን ብዙ እጥፍ ሊረዝም ይችላል። የሁለቱን ሎፖች ቅደም ተከተል መቀየር ብቻ ነው የሚጠበቅባችሁ!

ሊንክድ ሊስትም (እያንዳንዱ ክፍል የሚቀጥለውን አድራሻ የሚይዝበት ዝርዝር) እንዲሁ ነው፦ እያንዳንዱ ክፍል ወይም ኖድ ሌላ ቦታ ስለሚወድቅ፣ አንዱ ሳይመጣ የሚቀጥለው የት እንዳለ አይታወቅም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለምታነቡት ነገር አሬይ ተጠቀሙ።

ሁለት ትሬድ (በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን የሚሄዱ ሥራዎች) ደግሞ ጎን ለጎን የተቀመጡ ቆጣሪዎች ላይ አይጻፉ። ሁለቱ ቆጣሪዎች በአንድ ላይ የሚጫነው 64 ባይት ውስጥ አብረው ካሉ ኮሮቹ እየተነጣጠቁ ይዘገያሉ። አራርቁላቸው። ሊኑክስ ያላችሁ ፐርፍ በሚባለው መለኪያ ፕሮግራም ለኩት፣ የፈለጋችሁት ዳታ ካሹ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደታጣ ቆጥሮ ያሳያችኋል።