አንድ ድስት፣ ሁለት ጣዕም፦ ምግብ ለሚመርጡ ልጆች የሥራ ቀን እራት እንዴት እንደሚሠራ

የታክሲ ሰልፍ ጠብቀው ቤት ሲደርሱ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ትልቁ ልጅ ወጡ ያቃጥለኛል ይላል፤ ትንሿ ሽንኩርት ያየችበትን ምግብ አትነካም። በብዙ ቤት የሚደረገው ለአዋቂ ወጥ፣ ለአንዱ ፓስታ፣ ለሌላዋ እንቁላል መሥራት ነው። እኔም ለረጅም ጊዜ እንዲሁ አድርጌያለሁ፤ ዕቃ አጥቤ የምተኛው ከአራት ሰዓት በኋላ ነበር። አሁን የምጥደው አንድ ድስት ነው። ምግቡን በአልጫ እጀምራለሁ፣ የልጆቹን ድርሻ እቀዳለሁ፣ የቀረውን ለአዋቂ አቀምማለሁ።

እሑድ የሚያልቅ ሥራ

ማታ ጊዜ የሚወስደው ሽንኩርቱ ነው። ስለዚህ እሑድ ከሰዓት አንድ ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ልጠው በጣም አድቅቀው ይክተፉ፤ መፍጫ ካለዎት ይፍጩት። ሰፋ ባለ ድስት ያለ ዘይት በመካከለኛ እሳት ላይ እያማሰሉ ውሃው እስኪመጥ ያቁላሉ። ከዚያ ግማሽ ኩባያ ዘይት ጨምረው እሳቱን ይቀንሱና ሌላ ሃያ ደቂቃ ያህል ያብስሉት። በማንኪያ ጀርባ ሲጫኑት ሳያንገራግር የሚሟሽሽ ከሆነ ደርሷል። የተፈጨ ነጭ ሽንኩርትና ትንሽ ዝንጅብል አክለው ሁለት ደቂቃ ቆይተው ያውጡ። ሲቀዘቅዝ ለአራት ከፍለው ክዳን ባላቸው ዕቃዎች ያስቀምጡ። በሦስት ቀን ውስጥ የሚጠቀሙበትን በማቀዝቀዣው፣ የቀረውን በበረዶ ቤቱ ያድርጉ።

ይህን ያህል ማብሰሉ ያለ ምክንያት አይደለም። ልጄ ሽንኩርት ስታገኝ በጣቷ እየለቀመች በሳህኑ ጠርዝ ላይ ትደረድራለች። አንድ ማታ ብቆጥረው አሥራ አንድ ቁራጭ ሆነ፤ በሽንኩርቱ የጣፈጠውን መረቅ ግን በዳቦ ጠርጋ ጨርሳው ነበር። የጠላችው ጣዕሙን ሳይሆን በጥርሷ ሥር የሚንሸራተተውን ነገር እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ልጅዎ አንድን ምግብ እምቢ ሲል መጀመሪያ ይህን ይለዩ፤ ጣዕሙ ነው፣ ልስላሴው ነው ወይስ የቀረበለት መጠን?

ሽሮ በግማሽ ሰዓት

ለአራት ሰው አንድ ኩባያ ነጭ ሽሮ ይበቃል። በርበሬ ገብቶበት የተፈጨው ሽሮ ለዚህ አይሆንም፤ አንዴ ከገባ በርበሬውን ማውጣት አይቻልምና። ከተዘጋጀው ሽንኩርት አንዱን ድርሻ ድስት ውስጥ አሙቀው አራት ኩባያ ውሃ ይጨምሩና ያፍሉ። ሽሮውን ለብቻው በአንድ ኩባያ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠው በሚፈላው ላይ እያማሰሉ በቀስታ ያፍስሱት፤ እንዲህ ከተደረገ አይጓጉልም። እሳቱን ቀንሰው፣ ድስቱን ከደን አድርገው፣ አልፎ አልፎ እያማሰሉ አሥራ አምስት ደቂቃ ያንተክትኩት። ከወፈረብዎ የፈላ ውሃ ጠብ ያድርጉበት። ጨው መጨረሻ ላይ ነው።

ሽሮው ሲንተከተክ በጎን ትንሽ መጥበሻ ይጣዱ። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይትና አንድ የሾርባ ማንኪያ በርበሬ አድርገው፣ ውሃ ጠብ እያደረጉ እንዳያር በዝግታ ሰባት ስምንት ደቂቃ ያቁላሉት። ይህን ደረጃ አይዝለሉ። ብዙ ሰው የልጆቹን ቀድቶ በቀረው ላይ በርበሬ ነስንሶ ያማስላል፤ ወጡ ጥሬ በርበሬ ይሸትና አዋቂዎቹ ይከፋቸዋል፤ በማግስቱ ሁለት ድስት ወደ መጣድ የሚመለሱትም በዚህ የተነሳ ነው።

አሁን የልጆቹን ድርሻ በየጎድጓዳ ሳህናቸው ይቅዱ። ጾም ካልሆነ ግማሽ ማንኪያ ለጋ ቅቤ ጣል ያድርጉበት። የተቁላላውን በርበሬ ከቀረው ሽሮ ጋር ደባልቀው አምስት ደቂቃ ያንተክትኩት። ለልጆች ሽሮውን እንጀራ ላይ አያፍስሱ፤ የራሰ እንጀራ የማይወዱ ብዙ ናቸው። እንጀራውን ጠቅልለው በጎን ያቅርቡና እያጠቀሱ ይብሉ። ትኩስ እንጀራ ይምረጡላቸው፤ ሦስት ቀን ያደረው ይኮመጥጣቸዋል።

ምስር ክክም በዚሁ መንገድ ይሠራል። መዘፍዘፍ አያስፈልገውም፤ ታጥቦ ከሽንኩርቱና ከትንሽ እርድ ጋር በሃያ ደቂቃ ይበስላል። ለልጆቹ በሩዝ ላይ፣ ለአዋቂ በበርበሬ። ድንችና ካሮት አልጫ ሲሠሩ የጣት ጫፍ አሳክለው ከከተፉት ቶሎ ይደርሳል፤ ቃሪያው የልጆቹ ከተቀዳ በኋላ ይገባል። በጣም በደከመዎት ማታ ደግሞ እንቁላል ፍርፍር በዳቦ እራት ነው፤ ማንም ይህ እራት አይደለም አይበልዎት።

ማዕድ ላይ

አሜሪካዊቷ የሥነ ምግብ ባለሙያ ኤሊን ሳተር ያስፋፋችውን አንድ መርህ እከተላለሁ። ምን እንደሚበላ፣ መቼና የት እንደሚበላ የሚወስነው ወላጅ ነው፤ መብላት አለመብላቱንና ምን ያህል እንደሚበላ የሚወስነው ልጁ ነው። ለእኛ ከባዱ ሁለተኛው ክፍል ነው፤ ጉርሻ የፍቅራችን መግለጫ ነውና። ጉርሻን አልቃወምም። አፉን ለከፈተ ልጅ ጉርሻ ደስታ ነው፤ አፉን ለዘጋ ልጅ ግን ጉልበት ይሆንበታል፣ ያንንም ምግብ ይበልጥ ይጠላዋል። አዲስ ምግብ ለመልመድ አንዳንድ ልጅ አሥር ጊዜና ከዚያም በላይ ማየትና መቅመስ ያስፈልገዋል። ስለዚህ አዲሱን በማንኪያ ጫፍ ብቻ ያድርጉለት፣ አጠገቡ የሚወደውን ዳቦ ወይም ድንች ያስቀምጡ፣ ከተወውም ዝም ይበሉ። ትልቁ ልጄ ከአባቱ ቀይ ሽሮ የእንጀራውን ጫፍ አስነክቶ የቀመሰው ማንም ሳይጠይቀው ነው፤ ውሃ ጠጣና ደግሞ አጠቀሰ።

ብዙ ጊዜ ደግሞ እምቢታው የሚጀምረው ከመክሰስ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ብስኩትና ለስላሳ የጠጣ ልጅ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አይርበውም። መክሰሱን ከትምህርት ቤት እንደተመለሰ ሙዝ ወይም ቆሎ ሰጥተው ይጨርሱት። ሻይም ከእራት ጋር አይስጡ፤ ከምስርና ከሽሮ የሚገኘውን ብረት ሰውነት በደንብ እንዳይወስድ ያግዳል። በሎሚ የተሠራ የቲማቲም ሰላጣ ግን ያግዘዋል። ልጁ ክብደት እየቀነሰ ከሆነ፣ ምግብ ሲውጥ የሚያንቀው ከሆነ ወይም የሚበላቸው ምግቦች ቁጥር ከቀን ወደ ቀን እያነሰ ከሄደ ነገሩ የማብሰል ዘዴ አይደለምና ሐኪም ያማክሩ።

ከልጆቹ የተረፈውን አልጫ ሽሮ አይድፉ። ማታውኑ ማቀዝቀዣ ይግባ፤ ጠዋት በደንብ አፍልተው እንጀራ ይፈትፍቱበትና ምሳ ዕቃቸው ውስጥ ይጨምሩት።