ቴክ ሁሌ "ወሰደ" አይደለም! በዚህች ቃል የምንሳሳታቸው ነገሮች

ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛው ቴክ (take) ማለት ወሰደ ነው ተብለን ነው ያደግነው፣ ልክ ነው፣ ችግሩ እዛው ላይ ቆመን መቅረታችን ነው።

መጀመሪያ የመድኃኒቱን ላንሳ፣ እዚህ ላይ መሳሳት ጤና ይነካላ። አሜሪካ ፋርማሲ የሚሰጡን ብልቃጥ ላይ "ቴክ ዋን ታብሌት ባይ ማውዝ ትዋይስ ዴይሊ" የሚል ነገር ይኖራል፣ አንድ ፍሬ በቀን ሁለቴ ዋጥ ማለት ነው። እኛ በአማርኛ ክኒን እንውጣለን ሽሮፕ እንጠጣለን፣ እንግሊዝኛው ግን ለሁለቱም ቴክ ይላል፣ ስለዚህ ሐኪሙ ጋ መድኃኒቴን ጠጣሁ ለማለት "አይ ድራንክ ማይ ሜዲሲን" አትበሉ። "ቴክ ዊዝ ፉድ" ካለ ከምግብ ጋር ነው፣ "አስ ኒድድ" ካለ ደግሞ ሲያስፈልግ ብቻ እንጂ የየቀን አይደለም። ለእናቶቻችን ስታነቡላቸው እባካችሁ ሰዓቱንም በኛ አቆጣጠር ንገሯቸው፣ 8 ኤኤም ማለት ጠዋት 2 ሰዓት ነው፣ ዝም ብላችሁ "ስምንት ሰዓት" ካላችኋቸው ከምሳ በኋላ ነው የሚመስላቸው።

ፈተና ላይ ደግሞ ተፈተንኩ ለማለት "አይ ዋዝ ኤግዛሚንድ" የሚል ብዙ ሰው አለ፣ ይሄ ለሰሚው ሐኪም መረመረኝ ነው የሚመስለው። ተማሪው "ቱክ አን ኤግዛም" ይላል (ቱክ የቴክ ያለፈ ጊዜ ነው)፣ እንግሊዞች ጋ "ሳት" ሲሉም ትሰማላችሁ። "ጌቭ" (ሰጠ) የሚለውን ፈተናውን ለሚሰጠው አስተማሪ ተዉለት።

ታክሲ ያዝኩ ብሎ "አይ ሄልድ ኤ ታክሲ" ማለት አይሆንም፣ ቱክ ነው። የሚገርመው ቃሉ እንግሊዝ አገር የገባው ከሰሜን አውሮፓ በባሕር ከመጡት ቫይኪንጎች ጋር ነው፣ እነሱ ጋ "ታካ" መያዝም ነበር፣ ቀስ በቀስ "ኒማን" የሚለውን የድሮውን የእንግሊዝኛ ቃል አስወጥቶ ቦታውን ያዘ፣ ጀርመን ያላችሁ "ኔመን" የምትሉት የኒማን ዘመድ ነው። ፎቶም እንደዛው፣ አንሳኝ ለማለት ሊፍት (ዕቃ ማንሳት) አይባልም፣ "ቴክ ማይ ፒክቸር" ነው።

ቴክ ኦፍን ለብቻ ያዙት፣ ጫማ ከሆነ አወለቀ፣ አውሮፕላን ከሆነ ተነሳ፣ "አይ ቱክ ማንደይ ኦፍ" ካለ ሰኞ ከስራ ፈቃድ ወስዷል ማለት ነው።

"አይ ሃቭ ቱክ" የሚባል የለም፣ ከሃቭ በኋላ ሁሌ ቴክን።

ወደ አማርኛ ስንመልስም እንሳሳታለን እኮ፣ እኔን በጣም የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው። "ቴክ ዩር ታይም" ሲባል "ጊዜህን ውሰድ" እያልን ነው አሁን፣ አትቸኩል፣ ረጋ ብለህ የሚል ያማረ ቋንቋ እያለን። ሲለያዩ "ቴክ ኬር" የሚሉትንም "እንክብካቤ ውሰድ" ብሎ የሚተረጉም አለ፣ ደህና ሁን ወይ ራስህን ጠብቅ በቃ።