በበረዶ ላይ ለማደር የሚዘጋጁ ተማሪዎች በልምምድ ወቅት የሚገጥሟቸው ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

በብርዱ ወራት መንገድ በሌለበት ተራራ ላይ በስኪ (ከጫማ ሥር ታስሮ በበረዶ ላይ በሚያንሸራትት ረጅም ጠፍጣፋ መሣሪያ) ተጉዞ በድንኳን ለማደር የሚዘጋጅ የተማሪዎች ቡድን አብዛኛውን ጊዜ የሚፈራው ቅዝቃዜውን ነው። ይሁን እንጂ በልምምድ ላይ የታዩትን ችግሮች አንድ በአንድ ለመረመረ ሰው፣ የብዙዎቹ መነሻ እርጥበት ሆኖ ይገኛል። ስለሆነም ከዚህ በታች የተገለጹትን ምልክቶች፣ ችግር ቢፈጠር በቀላሉ መመለስ በሚቻልበት ቅርብ ቦታ ቢያንስ አንድ ሌሊት በማደር አስቀድሞ መፈተሽ ይገባል።

ሲጓዙ ይሞቃል፣ ሲቆሙ ያንቀጠቅጣል

ምክንያቱ ላብ ነው። ወፍራም ጃኬት እንደለበሰ ዳገት የሚወጣ ተማሪ ብዙም ሳይቆይ የውስጥ ልብሱን ያርሳል፤ ለዕረፍት ሲቆምም ያ እርጥበት የሰውነቱን ሙቀት እየወሰደ ይተናል። ልብሱ ጥጥ ከሆነ ውሃውን ይዞ ስለሚቆይ ጉዳቱ ይብሳል። መፍትሄው ከሱፍ ወይም ከፖሊስተር የተሠራ የውስጥ ልብስ መልበስ፣ ጉዞውን ትንሽ እየበረደ መጀመር፣ ከተነሱ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በኋላም ሁሉም ቆሞ ልብሱን እንዲያስተካክል ማድረግ ነው። ቀድሞ «ቁሙልኝ» ማለት የሚያሳፍረው ተማሪ ስለማይጠፋ፣ ይህን ዕረፍት ማወጅ የመሪው ሥራ ቢሆን ይመረጣል።

ተረከዝ ውሃ ይቋጥራል

ጫማው ሲላላ ተረከዝ በእያንዳንዱ እርምጃ ከፍ ዝቅ እያለ ይፋተጋል፤ በላብ የራሰ ቆዳ ደግሞ ቶሎ ይላጣል። ቦታው ማቃጠል እንደጀመረ፣ ውሃ ሳይቋጥር፣ ቆሞ ፕላስተር መለጠፍ ያስፈልጋል።

ዳገት መውጫው ጨርቅ ከስኪው ይላቀቃል

ከስኪው ሥር የሚለጠፈው ፀጉራም ጨርቅ የሚላቀቀው ሙጫው ላይ በረዶ ሲገባ ወይም ሙጫው ከመጠን በላይ ሲቀዘቅዝ ነው። ከመለጠፍ በፊት የስኪውን ሆድ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ፣ በዕረፍት ጊዜም የተላጠውን ጨርቅ ቦርሳ ውስጥ ከመክተት ይልቅ በጃኬት ሥር ደረት ላይ ማቆየት ይጠቅማል። በረዶው ከፀጉሩ ጋር እየተጋገረ ከእግር በታች እንደ ድንጋይ ከከበደ ግን ፀጉሩ ርሷል ማለት ነው፤ በረዶውን ፍቆ ሰም መቀባት ያስፈልጋል።

ምድጃው ይደክማል፣ ውሃውም የተቃጠለ ነገር ይሸታል

በምድጃው የጋዝ ቆርቆሮ ውስጥ ተቀላቅለው ከሚገኙት ጋዞች ቡታን የሚፈላው ከዜሮ በታች በግማሽ ዲግሪ ገደማ፣ አይሶቡታን ከዜሮ በታች በ12 ዲግሪ ገደማ፣ ፕሮፔን ደግሞ ከዜሮ በታች በ42 ዲግሪ ነው። በቅዝቃዜ ጊዜ ከቆርቆሮው ቀድሞ ተንኖ የሚያልቀው ፕሮፔኑ ስለሆነ፣ ማታ በደንብ የነደደ ምድጃ ጠዋት ጋዝ እያለው ሊልፈሰፈስ ይችላል። ለረጅም ጉዞ በፓምፕ የሚሠራ የፈሳሽ ነዳጅ ምድጃ የበለጠ አስተማማኝ ነው። በጋዝ ብቻ የሚጓዝ ቡድን ቆርቆሮውን ሌሊት ስሊፒንግ ባግ (በላባ የተሞላ የመኝታ ከረጢት) ውስጥ ያሳድረው፤ ምድጃው በረዶውን አቅልጦ እንዳይሰምጥም ከሥሩ ጣውላ ያንጥፍ።

የተቃጠለው ሽታ የሚመጣው ድስቱ በደረቅ በረዶ ብቻ ሲሞላ ነው። ከታች ያለው በረዶ ቀልጦ ውሃው ወደ ላይኛው በረዶ ስለሚመጠጥ፣ የድስቱ ቂጥ ባዶውን ይግላል። ስለዚህ ከማታው የተረፈ ሁለት ጣት ያህል ውሃ አስቀድሞ ጨምሮ በረዶውን እፍኝ በእፍኝ ማከል ይገባል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ በመሆኑ፣ ቢበርድም በተዘጋ ድንኳን ውስጥ ምድጃ አይለኮስም።

ስሊፒንግ ባጉ ወፍራም ሆኖ ሳለ ይበርዳል

ከሰውነት በታች ያለው ላባ በክብደት ስለሚጨፈለቅ ሙቀቱን ወደ መሬት ያስመልጣል። ሁለት ፍራሾችን መደራረብ የመከላከል አቅማቸውን ይደምራል። ፊትን ሸፍኖ ወደ ውስጥ መተንፈስ መጀመሪያ ያሞቃል፤ እስኪነጋ ግን ላባውን ያረጥበዋል። ስለዚህ አፍና አፍንጫን ውጭ መተው ይሻላል።

የናዳ መፈለጊያው መሣሪያ የተሳሳተ አቅጣጫ ያሳያል

ይህ ከእርጥበት ጋር አይገናኝም። በበረዶ ናዳ የተቀበረን ሰው ለማግኘት እያንዳንዱ ተጓዥ የሚይዘውን፣ በ457 ኪሎኸርዝ የሬዲዮ ምልክት የሚያስተላልፈውንና የሚቀበለውን መሣሪያ ብዙውን ጊዜ የሚያደናግረው አጠገቡ ያለ ስልክ ወይም የሚሞቅ የኤሌክትሪክ ጓንት ነው። በማስተላለፍ ላይ ሲሆን ቢያንስ 20፣ በፍለጋ ላይ ሲሆን ቢያንስ 50 ሴንቲ ሜትር ማራቅ፣ ባትሪውንም አምራቹ ከፈቀደው ዓይነት ብቻ መጠቀም ይገባል። በናዳ የተቀበረ ሰው በሕይወት የመገኘቱ ዕድል ከመጀመሪያዎቹ ከ10 እስከ 15 ደቂቃዎች በኋላ በፍጥነት ስለሚያሽቆለቁል፣ ልምምዱ በሰዓት እየተለካ፣ ወፍራም ጓንት እንደተጠለቀ፣ መፈለጊያ ዘንጉን ከመዘርጋትና በአካፋ ከመቆፈር ጋር ይደረግ። ይህን ሳያቀላጥፍ የቀረ ቡድን፣ አብዛኛው ናዳ የሚነሳበትን ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ያዘነበለ ቁልቁለትም ሆነ ከሥሩ ያለውን ሜዳ ከጉዞ መስመሩ ማውጣት አለበት።